ቸርኬ በር አይደለም፦ በወሎ ከተሞች የመኪና ቸርኬ ፓውደር ኮቲንግ ለማሠራት ዝርዝር መመሪያ

የቸርኬ ቀለም ሲላላጥ አብዛኛው ሰው የሚሄደው በስፕሬይ ወደሚቀባ የመኪና ቀለም ቤት ነው። ዋጋው ቀለል ይላል፣ በአንድ ቀንም ያልቃል። ነገር ግን የፍሬን ሙቀት፣ የጠጠር ምትና የጎሚስታ ብረት ተባብረው ቶሎ ያነሡታል። ፓውደር ኮቲንግ ሌላ ሥራ ነው። ደረቅ የዱቄት ቀለም በኤሌክትሪክ ተሞልቶ ይነፋል፤ ከመሬት ጋር በሽቦ በተያያዘው ቸርኬ ላይ ይለጠፋል፤ ኦቨን ውስጥ ይቀልጣል፣ ይጋገራል፣ ይጠነክራል። በወጉ ከተሠራ ጠጠርንም ሙቀትንም ከስፕሬይ ቀለም በእጅጉ የተሻለ ይችላል።

ችግሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው። የዱቄት ቀለም ሽጉጥና ትልቅ ኦቨን ያላቸው ቤቶች በአብዛኛው የሚቀቡት በር፣ መስኮት፣ የቢሮ ዕቃና የኤሌክትሪክ ሣጥን ነው። የእነዚህ ላሜራ 1 ወይም 1.5 ሚሊ ሜትር ቢሆን ነው፤ ኦቨን በገባ በጥቂት ደቂቃ ይግላል። ባለ 15 ኢንች የአሉሚኒየም ቸርኬ ግን 7 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ መሐሉ ወፍራም ነው፣ ለመጋል ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ይፈልጋል። በሩ በተጋገረበት ሰዓት የወጣ ቸርኬ ላዩ ያማረ፣ ውስጡ ጥሬ ነው። ይህን ያየ ሠራተኛ በሚቀጥለው ጊዜ ሙቀቱን 230 እና 240 ላይ ይሰቅለዋል፤ ያኔ ቀለሙ ይበስላል፣ አሉሚኒየሙ ግን ይዳከማል። በር ቢዳከም በር ነው። ቸርኬ መኪና ተሸክሞ በደሴና በኮምቦልቻ መካከል ያለውን የሐረጎን ቁልቁለት ይወርዳል። ስለዚህ ከታች የተጻፈው ሁሉ ወደ አንድ ነገር ይመለሳል፦ ባለሙያው በር የለመደ ከሆነ፣ የቸርኬውን ልዩነት ይዘው መሄድ ያለብዎት እርስዎ ነዎት።

ቸርኬው ለሥራው የሚሆን ነው?

በመጀመሪያ ማግኔት ያስጠጉ። ከያዘው ብረት ነው፣ ካልያዘው አሉሚኒየም። የብረት ቸርኬ 200 ዲግሪ ምንም አያደርገውም፤ ጠላቱ ዝገት ብቻ ነው። አሉሚኒየም ግን ጥንካሬውን ያገኘው በፋብሪካ በሙቀት ታክሞ ነው። ከተቀለጠና ቅርጽ ከያዘ በኋላ እስከ 540 ዲግሪ አካባቢ ይሞቃል፣ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ ቀጥሎ ከ150 እስከ 170 ዲግሪ ባለው ሙቀት ለሰዓታት ይቆያል። ያ ሕክምና በኋላ በሚመጣ ከመጠን ያለፈ ሙቀት ይበላሻል። በ180 ዲግሪ 20 ደቂቃ መጋገር የሚያሳስብ አይደለም። በ250 ዲግሪ አንድ ሰዓት ግን ያሳስባል፤ ከሁሉ የከፋው ደግሞ የተዳከመው ቸርኬ በዓይን ሲታይ ከደህናው አለመለየቱ ነው። የሚያዘው ልክ ይህ ነው፦ የቸርኬው ብረት ራሱ ከ200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አይለፍ፣ የተጋገረበት ጊዜ ተደምሮ አጭር ይሁን፣ በእሳት ችቦ አይለብለብ። አሮጌ ቀለም በቃጠሎ የሚያስለቅቅ ምድጃ 400 ዲግሪ አካባቢ ስለሚደርስ ለአሉሚኒየም ቸርኬ ፈጽሞ አይሆንም።

ቀጥሎ ስንጥቅ ይፈለጋል። ጎማው ከመውለቁ በፊት ጎሚስታው ነፍቶ ውሃ ውስጥ ይንከረው፤ አረፋ ከጎማው ሳይሆን ከብረቱ ከወጣ ፍለጋው እዚያው አለቀ። ጎማው ከወለቀ በኋላ ቸርኬውን በሳሙና አጥበው ያድርቁና ሦስት ቦታ በደንብ ይዩ፦ ከመሐል ወደ ጠርዝ የተዘረጉት እጆቹ ከክቡ ጋር የሚገናኙበት፣ የዳዶ ቀዳዳዎቹ ዙሪያ፣ የውስጠኛው ከንፈር። ቀይ የስንጥቅ መፈለጊያ ስፕሬይ ከተገኘ ይነፉና 10 ደቂቃ ያቆዩ፤ በጨርቅ ከጠረጉ በኋላ ነጩን ይንፉበት። በነጩ ላይ ቀጭን ቀይ መስመር ብቅ ካለ ስንጥቅ ነው። የተሰነጠቀ አሉሚኒየም ቸርኬ አይበየድም፣ አይቀባም፣ ይጣላል። ተበይዶ የተሸጠ ከሆነማ ቀለሙ ብየዳውን ከመደበቅ በቀር ምንም አይጨምርለትም።

የተጣመመም አለ። ከወልድያ መንገድ ጉድጓድ የመጣ ቸርኬ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው በውስጥ በኩል ስለሆነ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል። ባላንስ ማሽን ላይ ያሽከርክሩትና ጠርዙን ይመልከቱ። ትንሽ ጥመት ከቀለሙ በፊት ይቃናል፤ ከቀለሙ በኋላ ከተቃና የተጋገረው ቀለም ይሰነጠቃል። አቃኚው ችቦ ካበራ ቸርኬውን ይዘው ይውጡ። ክሮም የተለበጠ ቸርኬ ከሆነም ይተዉት፤ ክሮሙ በኬሚካል ተነሥቶ ካላለቀ ዱቄቱ አይዝም፣ ያንን የሚሠራ ቤት ደግሞ በቀላሉ አይገኝም።

ቤት መምረጥ

ፍለጋውን ከኮምቦልቻ መጀመር ይሻላል። የኢንዱስትሪ ከተማ በመሆኗ የብረት ዕቃ፣ የአሉሚኒየም በርና መስኮት፣ የኤሌክትሪክ ቦርድ ሣጥን የሚሠሩ ሰዎች እዚያ ይበዛሉ። «የዱቄት ቀለም የት ነው የምታስቀቡት?» ብለው እነሱኑ ይጠይቁ። ደሴም ከሆኑ መንገዱ 25 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጥሩ ቤት ካላገኙ አዲስ አበባ ከደሴ 400 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ቸርኬዎቹን አንድ በአንድ በአሮጌ ብርድ ልብስና በማዳበሪያ ጠቅልሎ በጭነት መላክ ይቻላል። ሲመለሱ ግን ብረት ከብረት እንዳይነካካ አጥብቀው ይንገሩ፤ መንገድ ላይ የተፋጨ አዲስ ቀለም የማንም ጥፋት ሳይሆን ይቀራል።

ሠራተኛውን የሚፈትኑበት ጥያቄ አንድ ነው፦ «ስንት ዲግሪ ነው የምትጋግሩት፣ በምንስ ነው የምትለኩት?» መልሱ «ሐሳብ አይግባዎት ጋሼ፣ በሩንም መስኮቱንም በዚሁ ነው የምናወጣው» ከሆነ ቤቱ ቸርኬ አያውቅም ማለት ነው። ይህ ብቻውን ለመተው አይበቃም፤ ቀና ሰው ከሆነና መለኪያ ካለው ሊማር ይችላል። መለኪያ ከሌለው ግን ይተዉት።

የኦቨኑ በር ላይ ያለው ቁጥር የአየሩን ሙቀት እንጂ የቸርኬውን አይናገርም። ቸርኬው ላይ የሚታሰር የሽቦ ቴርሞሜትር ቢኖር እጅግ ጥሩ፤ ከሌለ የጨረር ቴርሞሜትር ይበቃል። በዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የጨረር ቴርሞሜትር ባዶና የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ላይ ሲተኮስ ከእውነተኛው እጅግ ዝቅ ያለ ቁጥር ያነባል፤ 190 የደረሰውን ብረት መቶ እንኳን አልሞላም ሊል ይችላል። ያንን አምኖ ሙቀት የጨመረ ሰው ቸርኬውን አበላሸ። መለካት ያለበት ዱቄት በለበሰው ቦታ ላይ ነው፤ ቸርኬው ገና ባዶ ከሆነ ሙቀት የሚችል ጥቁር ነጥብ ተቀብቶበት በዚያ ላይ ይለካ።

ሁለተኛው ካርቶኑን ማየት ነው። የዱቄት ቀለም ዓይነቱ ካርቶኑ ላይ ተጽፎ ይመጣል፦ ኢፖክሲ፣ ፖሊስተር ወይም የሁለቱ ቅይጥ የሆነው ሃይብሪድ። ለቤት ውስጥ ዕቃ የሚውለው ብዙውን ጊዜ ሃይብሪድ ነው፤ ርካሽ ነው፣ ያምራል፣ ፀሐይ ላይ ግን ይነጣል፣ ሲነኩት እንደ ጠመኔ እጅ ላይ ይቀራል። የደጋ ፀሐይ ደግሞ ይበረታል፤ ደሴ ከባሕር ወለል 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለቸርኬ ላይኛው ቀለም የግድ የውጭ ፖሊስተር መሆን አለበት። ኢፖክሲ ከሥር እንደ አንቲሩጂኒ (ዝገት የሚከላከል የሥር ቀለም) ቢገባ እሰየው፤ ላይ ግን አይታይ። ካርቶኑ ላይ የማብሰያ ሙቀቱና ደቂቃውም አለ፣ ለምሳሌ «180 ዲግሪ፣ 20 ደቂቃ»፤ ያ ቁጥር የብረቱ ሙቀት ነው። የመጠቀሚያ ጊዜውንም ይዩ። ዱቄቱ እንደ እርጥብ በሶ ከተጓጎለ አይቀበሉ። ኮምቦልቻ፣ ከሚሴና ቆቦ ላይ በቆርቆሮ መጋዘን ሥር የከረመ ዱቄት ቶሎ ይበላሻል፤ ከ25 ዲግሪ በታች መቀመጥ አለበት።

ሌላው፣ ቀለሙን በምን እንደሚያስለቅቁ ይጠይቁ፤ ዝርዝሩ ከታች አለ። ኦቨኑ ውስጥ አየር የሚያዞር ማራገቢያ መኖሩን፣ አራት ቸርኬ ሳይነካካ መያዙን፣ ጄኔሬተር መኖሩን ይዩ። የዳዶ ቀዳዳ የሚደፍኑበትን የሲሊኮን ቡሽ እንዲያሳዩዎትም ይጠይቁ። «ጎማውን ማውለቅ አያስፈልግም» የሚል ቤት ካጋጠመዎት ሰላም ብለው ይውጡ፤ ጎማ በ180 ዲግሪ የሚሆነውን የሚያውቅ ሰው እንዲህ አይልም። «የተፋቀውን በስቱኮ እንሞላዋለን» የሚሉም አሉ። የመኪና ስቱኮ ኦቨኑን አይችልም፤ ይፋፋል፣ ይሰነጠቃል፣ ቀለሙንም ይዞ ይነሣል። ጭረት በመፋቅ ካልጠፋ እንዳለ ቢቀር ይሻላል።

ከሁሉ የሚበልጠው ፈተና ስኮርት ጎማው ነው። አራቱን ከመስጠትዎ በፊት የብረት ስኮርት ቸርኬዎን ብቻ ያሠሩ። ከወደዱት ይቀጥላሉ፣ ካልወደዱት የከሰሩት አንድ ነው።

ስምምነቱን በወረቀት ያድርጉት። ቀለሙ በስም ብቻ ሳይሆን በራል (RAL) የቀለም መለያ ቁጥር ይጻፍ፦ 9005 ጥቁር፣ 9006 ብርማ፣ 7016 ጥቁር ግራጫ ነው። የሚያብረቀርቅ ይሁን ፈዛዛ፣ ስንት ድርብ፣ ማስለቀቁና አንቲሩጂኒው በዋጋው ውስጥ መግባት አለመግባቱ፣ የከፈሉት ቀብድ፣ ሁሉም ይስፈር። የዱቄት መጠንም ያወያያል፦ ለአራት ባለ 15 ቸርኬ፣ ፊቱም ጀርባውም ተቀብቶ፣ 1 ኪሎ ዱቄት ለአንድ ድርብ ይበቃል፣ ይተርፋልም። ለአንድ ድርብ 3 ኪሎ የሚያስገዛዎት ካለ የቀረውን ለራሱ ነው።

ከመኪና ማውረድ

መኪናውን ክሪክ ላይ አቁመው ለቀናት አይሂዱ፤ መቆሚያ ያድርጉበት ወይም ሌላ ቸርኬ ይዋሱ። ዳዶዎቹን በከረጢት ሰብስበው ያስቀምጡ። ጎማው ከመነካቱ በፊት የቫልቩ ልብ ወጥቶ አየሩ ሙሉ በሙሉ ይተንፍስ። ቀለበት ያለው የአይሱዙ ቸርኬ ከሆነ አየሩ መውጣት ያለበት የመኪናው ዳዶ ከመላላቱም በፊት ነው፤ ጥንድ ከሆነ ከሁለቱም። ቀለበቱ በአየር ተገፍቶ ሲወጣ ሰው ይገድላል።

ጎማው፣ ቫልቩ፣ የባላንስ እርሳሱና ማጣበቂያው፣ የመሐል ክዳኑ፣ የአየር ግፊት መለኪያ ሴንሰር ካለም እሱ፣ ሁሉም ይነሣ። የላስቲክ ቫልቭ ይቆረጥና በአዲስ ይተካል።

ከዚያ መታጠብ ነው፦ የዱቄት ሳሙና፣ ሙቅ ውሃ፣ ብሩሽ። በናፍጣ ማጠብ የተለመደ ነው፣ ለዚህ ሥራ ግን መርዝ ነው። ቀልጦ በቅርጽ የተሠራ አሉሚኒየም በዓይን የማይታዩ ቀዳዳዎች አሉት፤ ናፍጣው እዚያ ይገባል፣ ኦቨን ውስጥ ይተናል፣ ቀለሙንም ከሥር እየበሳ ይወጣል። በቤንዚን ማጠብ ደግሞ የእሳት አደጋ ነው።

አሮጌውን ቀለም ማንሣት

ኮስቲክ ሶዳ አሉሚኒየምን ይበላል፣ እየበላም በቀላሉ የሚቀጣጠል ሃይድሮጂን ጋዝ ያወጣል፤ አሲድም እንዲሁ ያበላሸዋል። የቀለም ማስለቀቂያ ኬሚካል ይሠራል፤ ሜቲሊን ክሎራይድ ያለበት ዓይነት ግን በተዘጋ ክፍል ውስጥ ትነቱ ሰው ገድሎ ያውቃል። ደጅ ላይ፣ በጓንትና በመነጽር ብቻ ነው የሚነካው። ኬሚካል ከተቀባም በኋላ በብዙ ውሃ ይታጠብ።

ሁነኛው መንገድ ሻካራ ቅንጣት በአየር ግፊት መተኮስ ነው። ለአሉሚኒየም የሚሆነው ከ80 እስከ 120 ቁጥር ያለው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው፤ ግፊቱ ከ3 እስከ 4 ባር። የብረት ፍንጣሪ ለብረት ቸርኬ እንጂ ለአሉሚኒየም አይሆንም፤ ስባሪው አሉሚኒየሙ ውስጥ ይቀረቀርና በኋላ ከቀለሙ ሥር ይዝጋል። የወንዝ አሸዋ በነፃ ይገኛል፣ ስለዚህ ይወደዳል፤ ነገር ግን አሸዋ ሲፈነዳ የሚወጣው የሲሊካ አቧራ ሳንባን ለዘለቄታው በጠባሳ ይሞላል፣ መድኃኒትም የለውም። አሸዋ የሚተኩስ ቤት ለሠራተኛው የማያስብ ቤት ነው፤ ለቸርኬዎ ያስባል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል።

ኮምፕረሰር ላይ አንድ የደጋ ጉዳይ አለ። ደሴ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፣ ኮምቦልቻ ላይ በአምስተኛ ያህል። ማሽኑ ላይ የተጻፈው የአየር መጠን ለባሕር ወለል ስለሆነ፣ «የሚበቃ» የተባለው ኮምፕረሰር ተኩሱ መሐል ላይ ይደክማል። ሠራተኛው ቸኩሎ ማዕዘኑን ሳያጸዳ ያልፋል፤ ቀለሙ በኋላ የሚነሣው ከዚያ ማዕዘን ነው። ሐምሌና ነሐሴ ላይ፣ ጉም የጦሳን ተራራ ሸፍኖ ሲውል፣ ሌላ ጣጣ ይጨመራል፦ የኮምፕረሰሩ ታንከር ውሃ ይቋጥራል። ጠዋትና ከሰዓት ከሥሩ መፍሰስ አለበት፣ መስመሩ ላይም የውሃ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ዱቄቱ እርጥብ አየር ካገኘ ከሽጉጡ እንደ ጉርሻ እየተቆረጠ ይወጣል።

የተተኮሰ ቸርኬ በባዶ እጅ አይነካም፣ አያድርምም። የብረት ቸርኬ በክረምት በሰዓታት ውስጥ ቡናማ ዝገት ስለሚያወጣ በዚያው ቀን ይቀባ።

ምን ይሸፈናል?

ይህን ክፍል ሠራተኛው አጠገብ ሆነው ቢያሠሩት አይከፋም። ፍጹም ባዶ መሆን ያለባቸው ቦታዎች አራት ናቸው፦ ዳዶው የሚቀመጥበት ሾጣጣ ወይም ጠፍጣፋ መቀመጫ፤ የዳዶ ቀዳዳው ውስጥ፤ ከጀርባ ቸርኬው ከመኪናው ጋር የሚሳመው ፊት፤ የመሐሉ ቀዳዳ።

ምክንያቱ ቀላል ነው። አንድ ድርብ ዱቄት ከ60 እስከ 80 ማይክሮን ይወፍራል። ዳዶው ሲጠብቅ ይህን ቀለም ጨምድዶ ይይዛል፤ ፍሬን ሲግል ቀለሙ ይለሰልሳል፣ ይሸሻል፣ ከዳዶው ሥር ክፍተት ይፈጠራል። ዳዶው ሳይዞር ይላላል። አሽከርካሪው «አጥብቄው ነበር» ይላል፣ እውነቱንም ነው። ሁለትና ሦስት ድርብ ሲሆን ደግሞ የባሰ ነው። ጥንድ ጎማ ባለው መኪና ላይ ሁለቱ ቸርኬዎች የሚሳሳሙበት ፊትም እንደዚሁ ባዶ ይሁን።

ጎማው የሚቀመጥበት ጠርዝ ግን ባዶ አይተው። ተተኩሶ የሻከረ ባዶ አሉሚኒየም አየር ያሾልካል፤ ስስና ለስላሳ አንድ ድርብ ይበቃዋል።

የሚሸፈነው ሙቀት በሚችል የፖሊስተር ፕላስተርና በሲሊኮን ቡሽ ነው። የወረቀት ፕላስተር ያርራል፣ ማጣበቂያውም ብረቱ ላይ ይቀራል። ሰውዬው «ቀብተን በኋላ በፋይል እናነሣዋለን» ካለ አይስማሙ፤ ፋይሉ መቀመጫውን ያዛባዋል።

ማሞቅ፣ መንፋት፣ መጋገር

አሉሚኒየም ቸርኬ ባዶውን አንድ ጊዜ ይሞቃል፤ በቀዳዳዎቹ ውስጥ የቀረው ዘይትና እርጥበት ቀድሞ እንዲወጣ ነው። ዱቄቱ የሚበስለው በ180 ከሆነ ይህ ማሞቂያ ከ190 እስከ 200 ዲግሪ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ነው። ይህ ደረጃ ከተዘለለ ቀለሙ ላይ በመርፌ የተወጋ የመሰሉ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ካሞቁ በኋላ የኬሚካል ሽታ ወይም የዘይት ላብ ከታየ እንደገና ይታጠባል።

ቸርኬው የሚሰቀልበት መንጠቆ ንጹሕ ይሁን። ይህን ማንም አያስበውም። መንጠቆው በአሮጌ ቀለም ከወፈረ ኤሌክትሪኩ ወደ መሬት አይሄድም፤ ዱቄቱ አይያዝም፣ ብልጭታም ይነሣል። አየር ላይ የተንሳፈፈ ዱቄት ብልጭታ ካገኘ ይፈነዳል። ስለዚህ መንፊያው ክፍል ውስጥ ማጨስ፣ መበየድ፣ የተጋለጠ ማሞቂያ ክልክል ነው፤ ኦቨኑም ከመንፊያው ይራቅ። ነፊው የአቧራ ጭንብል ያድርግ፤ በሻሽ አፍን መሸፈን ጭንብል አይሆንም።

ሽጉጡ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ይርቃል፣ ከ60 እስከ 80 ኪሎ ቮልት ይሠራል። በእጆቹ መሐል ያለው ጠባብ ማዕዘን ግን በዚህ ኃይል ዱቄት አይቀበልም፤ ኤሌክትሪኩ በቅርብ ያለውን ጠርዝ ይመርጣል፣ ጠርዙ ይወፍራል፣ ማዕዘኑ ራቁቱን ይቀራል። መፍትሔው ማዕዘኖቹን አስቀድሞ፣ ኃይሉን ወደ 30 ወይም 40 ዝቅ አድርጎ፣ የአየር ግፊቱንም ቀንሶ መንፋት ነው። ሰፊው ፊት መጨረሻ ይነፋል።

አንቲሩጂኒ ካለ መጀመሪያ እሱ ተነፍቶ በከፊል ይጋገራል፤ ላይኛው ከተነፋበት በኋላ ሁለቱ አብረው ይበስላሉ። የመጀመሪያው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ ሁለተኛው በደንብ አይያያዘውም። ብርማና ነሐስ መልክ ያላቸው ቀለሞች ላይ ግልጽ ድርብ ይጨመራል፤ አንድ ተጨማሪ መጋገሪያ ማለት ስለሆነ አስቀድመው ይወስኑ።

ሰዓቱ የሚቆጠረው ቸርኬው ኦቨን ከገባበት አይደለም። የብረቱ ሙቀት 180 ሲደርስ ነው 20 ደቂቃው የሚጀምረው። ሲወጣ በአየር ይቀዝቅዝ፤ ውሃ የሚረጭበት ካለ ያስቁሙት።

መብራት ቢጠፋስ? ዱቄቱ ገና ካልቀለጠ ምንም አልተበላሸም፤ ሳይነኩት መብራቱን ይጠብቃሉ ወይም በአየር አራግፈው እንደገና ይነፋሉ። ቀልጦ ሳይበስል ከቆመ በሩ ተዘግቶ ይቆይ፣ አቧራ እንዳይገባበት፣ ጣትም እንዳያርፍበት። መብራት ሲመጣ ብረቱ 180 እስኪደርስ ይሞቃል፣ 20 ደቂቃውም ከአዲስ ይቆጠራል። የተወሰነ ደቂቃ ቢበልጥ ቀለሙ ትንሽ ይጠቁር እንደሆነ እንጂ ጉዳት የለውም። ያልበሰለ ቀለም ይዞ መውጣት ግን ጉዳት ነው።

ሲረከቡ

በቀን ብርሃን፣ ደጅ አውጥተው ይዩ። የዳዶ መቀመጫ ውስጥ ጣትዎን አዙረው ባዶ ብረት መሆኑን ያረጋግጡ። ከዚያ አንድ ዳዶ ወደ ቀዳዳው ያስገቡና ይዩ፤ ሙሉ ዙሪያው መቀመጥ አለበት።

መብሰሉን የሚያሳየው አሴቶን ነው። ጥጥ በአሴቶን አርሰው ከጀርባ በማይታይ ቦታ 25 ጊዜ ወዲያና ወዲህ ይሹ። ትንሽ ቢፈዝዝና ጥጡ ላይ ጥቂት ቀለም ቢቀር ደህና ነው። ከተጣበቀ፣ ከለሰለሰ፣ ጥጡ ሙሉ በሙሉ ከጠቆረ አልበሰለም፤ ወደ ኦቨን ይመለስ። መያያዙን ለማየት እዚያው የማይታየው ቦታ ላይ በምላጭ ቀጫጭን መስመር አጋድመውና አቁመው ይቁረጡ፣ ፕላስተር ለጥፈው በአንዴ ይላጡት። ትንንሾቹ ካሬዎች ከፕላስተሩ ጋር ከተነሡ የጽዳት ጉድለት ነው፣ ዳግም መጋገር አያድነውም።

የብርቱካን ልጣጭ የመሰለ ገጽ የውበት እንጂ የደኅንነት ጉዳይ አይደለም። በእሱ ዋጋ ያስቀንሱ፣ እንደገና አያስጋግሩ። አሉሚኒየሙ በተጋገረ ቁጥር ዋጋ የሚከፍለው እሱ ነው።

መግጠም

ቸርኬው ሙሉ በሙሉ ሳይቀዘቅዝ ጎማ አይጫን። በብረት ማንሻ የሚጭን ጎሚስታ አዲሱን ጠርዝ በአንድ ደቂቃ ይቧጥጠዋል፤ ጫፉ ፕላስቲክ የሆነ ማሽን ያለው ይፈልጉ፣ የሳሙና ውሃም በብዛት ይጠቀም። ባላንሱ በሚለጠፍ እርሳስ ይሁን። በመዶሻ የሚመታው ዓይነት ቀለሙን ይሰብራል፣ ውሃም የሚገባው በዚያ ነው።

መኪናው ላይ ያለውን፣ ቸርኬው የሚያርፍበትን የሀቡን ፊት በሽቦ ብሩሽ ያጽዱ። የዳዶውን ጥርስ ዘይት አይቀቡት። የቶዮታ አሉሚኒየም ቸርኬ ዳዶና የብረት ቸርኬ ዳዶ ብዙ ጊዜ አንድ አይደለም፤ አንዱ ጠፍጣፋ ዋሸር አለው፣ ሌላው ሾጣጣ ነው። ከቸርኬው መቀመጫ ጋር የማይገጥም ዳዶ ጠብቆም አይዝም። አጠባበቁ በመስቀል ተራ፣ በሁለት ዙር፣ መጨረሻው በቶርክ ሬንች (የማጥበቂያውን ኃይል በሚለካ ቁልፍ) ነው፦ ለኮሮላና ለቪትዝ 103 ኒውተን ሜትር፤ ለሌላው የመኪናውን መመሪያ መጽሐፍ ይዩ። በረጅም ቱቦ ላይ ቆሞ ማጥበቅ ቶርክ ሬንችን አይተካም።

ከ50 ኪሎ ሜትር በኋላ፣ ማለትም ከደሴ ኮምቦልቻ ደርሰው ሲመለሱ፣ እንደገና ያጥብቁ። 100 ሲሞላም ይድገሙ። ሐረጎን ወርደው ፍሬኑ እንደጋለ ግን አይንኩት፤ ይቀዝቅዝ፣ ከዚያ ይለካ። ዳዶው በእያንዳንዱ ፍተሻ ከተንቀሳቀሰ ከሥሩ ቀለም አለ ማለት ነው፤ ቸርኬው ይውለቅና መቀመጫው ይታይ።

አያያዝ

ቦርከና ወንዝ ዳር በአሸዋና በገለባ የሚፈትጉ አጣቢዎች አሉ፤ ቸርኬውን እንዳይነኩ ይንገሯቸው። ለስላሳ ሳሙናና ስፖንጅ ይበቃል። ፍሬን የጋለ ቸርኬ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አይደፋም። የአሲድ ቸርኬ ማጽጃ ቀለሙን ያፈዝዛል።

ጠጠር እስከ ብረቱ ከመታው በዚያው ሳምንት ቦታውን አጽድተው፣ አድርቀው በተመሳሳይ ቀለም በቀጭን ብሩሽ ይንኩት። ከዘገየ አሉሚኒየሙ ነጭ ዱቄት ያወጣል፤ ነጩ ከቀለሙ ሥር እንደ ሥር እየተዘረጋ ይሄዳል፣ የሳንቲም ያህል ሲደርስ በብሩሽ የሚድን አይሆንም።